የአሶሳ ነጋዴ ዶሜይንና «ወደ ነበረበት መልስ» የምትለው ቁልፍ

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ሜጋ ዋት ነው። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወሳል። የውኃ ሙሌቱ ሊጀመር በተቃረበበት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሡ የሳይበር ጥቃቶችን ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጋዴውም ስለ ድረ ገጽ ሲያስብ የሚፈራው የሩቅ ጠላት ነው። በገበያው ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ግን በራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚጫናት አንዲት ቁልፍ ናት።

እንበልና አሶሳ ላይ እምነ በረድ የሚሸጥ ድርጅት በስሙ ዶሜይን አለው። ድረ ገጹ አልከፈት ይለዋል። ዶሜይኑን የሸጠለት ኩባንያ ገጽ ላይ የዲኤንኤስ ሴቲንግን «ወደ ነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ ያይና ይጫናል። ስሙ «ነበረበት» ቢልም፣ የሚመልሰው ትናንት ወደነበረው ሁኔታ ሳይሆን ዶሜይኑ በተገዛበት ዕለት ወደነበረው ባዶ ቤት ነው!

ለመሆኑ ዲኤንኤስ ምንድን ነው? አሜሪካዊው ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው፣ ስምን ከኮምፒውተር አድራሻ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው። የድርጅቶችን ማኅተም ያስታውሷል፤ የሱቁ አድራሻ አንድ፣ ፖ.ሣ.ቁ. ሌላ ነው። በዲኤንኤስም እንዲሁ ነው። ደንበኛን ወደ ድረ ገጹ የሚመራው መስመር «ኤ» ሲባል፣ ኢሜይሉን የሚመራው «ኤምኤክስ» ይባላል። ቁልፏ ስትጫን ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ድረ ገጹ መዘጋቱን ባለቤቱ ቶሎ ያየዋል፤ የኢሜይሉን መቋረጥ ግን አያየውም። ከውጭ አገር ዋጋ የጠየቀው ገዢ ደብዳቤው ተመልሶበት ወደ ሌላ ሻጭ ሲሄድ፣ አሶሳ ያለው ሰው ገበያው የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ባይምታቱ ጥሩ ነው። አንደኛው መዝገቡ የተቀመጠበትን ሰርቨር፣ ማለትም ኔም ሰርቨሩን መመለስ ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌው መዝገብ በነበረበት ይቀመጣል፤ የሚጠይቀው ብቻ ያጣል። የቀድሞዎቹን ኔም ሰርቨሮች ስም መልሶ ማስገባት ይበቃል። ሁለተኛው በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ራሳቸውን መመለስ ነው፤ ይህ ይሰርዛል። ቅጂ ያልያዘ ሰው እያንዳንዱን መስመር ከየአገልግሎት ሰጪው እየጠየቀ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት።

ማስተካከያውም ወዲያው አይታይም። በየቦታው ያሉ ሰርቨሮች የድሮውን መልስ ቲቲኤል በሚባለው የጊዜ ገደብ ይዘው ይቆያሉ፤ 3,600 ሰከንድ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ 86,400 ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ስላክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ዲኤንኤስሴክ የሚባለውን የጥበቃ ሥርዓት ሲተክል ችግር ገጥሞት ወደኋላ ቢመልሰውም፣ የድሮው መልስ በየሰርቨሩ ተይዞ ስለነበር አንዳንድ ደንበኞቹ አንድ ቀን ያህል ተቸግረዋል። መሐንዲስ የሞላበት ኩባንያ እንዲህ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነጋዴ ምን ይሁን?

ወጪ የሌለው መከላከያ አለ። ቁልፏን ከመንካት በፊት የመዝገቡን ገጽ አትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ፤ ለውጡ የታቀደ ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት ቲቲኤሉን ዝቅ ማድረግ።

በእኔ ግምት ከዚህ የሚብሰው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዶሜይኑን ድረ ገጽ ሠሪው በራሱ ስም አስመዝግቦት ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉም በእጁ ነው፤ እሱ ስልክ ካላነሣ ቁልፏም አትገኝም። ይህ ለዶት ኮምም ሆነ ከጥቅምት 1988 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ለተመደበው ዶት ኢቲ ያው ነው። ኮንትራት ሲፈረም «ዶሜይኑ በማን ስም ይመዘገባል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል።