ከካራቆሬ አዲስ አበባ፦ የመሣሪያ ፈቃድ እስከ የት ድረስ ይሠራል?

ከካራቆሬ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ወሰን እንደሚያቋርጥ አስባችሁት ታውቃላችሁ? አጣዬ ሰሜን ሸዋ ነው። ትንሽ ወረድ ሲል ሰንበቴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ እንደገና ሰሜን ሸዋ። ደብረ ሲናን፣ ጣርማ በርን፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ኦሮሚያ ክልል ይገባል፤ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ወደ ሰሜን ቢሄድ ከሚሴ ቅርብ ነው። ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው ቢወርድ ደግሞ አፋር ክልል ነው።

ስልኩንና መታወቂያውን ብቻ ይዞ ለሚሳፈር ሰው ይሄ ሁሉ ወሰን ከመስኮት ውጪ የሚያልፍ የታፔላ ጽሑፍ ነው። መሣሪያ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን እያንዳንዱ ወሰን ጥያቄ ነው፤ ለቅሶ ለመድረስ የወጣ ሰው ማታ ፖሊስ ጣቢያ ሊያድር ይችላል።

ጥያቄው ራሱ ቀላል ይመስላል፦ «ፈቃድ አለኝ፤ ሌላ ቦታ ስሄድ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ይፋት ውስጥ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «ሕጋዊ ከሆነ የትም ይሠራል» ይላችኋል። ሌላው «ከወረዳህ ከወጣህ አበቃ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ «ኬላው ላይ እንደቆመው ሰው ነው» ይላል። የሚገርመው፣ ሦስቱም የያዙት እውነት አለ። አንድ በአንድ እንያቸው።

በወረቀት ላይ ሕጉ አንድ ነው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21ን ብታነቡ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የአማራ ክልል ለብቻው፣ የአፋር ክልል ለብቻው፣ የኦሮሚያ ክልል ለብቻው የሚያወጣው የመሣሪያ ሕግ የለም።

አሁን የሚሠራው ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን፣ ሥራውን ለክልል ፖሊስ በውክልና መስጠት ይችላል። መሣሪያ መያዝ በልማድ የቆየባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን አዋጁ አይክድም፤ በነዚህ አካባቢዎች ያሉ ሰዎችም ያላቸውን አስመዝግበው ወደ ሕጋዊ ፈቃድ እንዲገቡ በር ከፍቷል። ፈቃድ አለኝ ብሎ የትም መግባት ግን አይቻልም። ሰው በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች መሣሪያ መያዝን አዋጁ ይገድባል። መሣሪያ ማዘዋወርንና መነገድን በተመለከተ ደግሞ ከአዋጁ በፊትም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 481 ነበር፤ ቀልድ አያውቅም።

እንግዲህ «ሕጋዊ ከሆነ የትም ይሠራል» ያለው ሰው ሐሳቡን የወሰደው ከዚህ ነው። ሕጉ የሀገር ከሆነ ወሰን ሲያልፍ አይለወጥም። ትክክል ነው፤ ግን ገና ግማሹ ነው።

ወረቀቱ ግን የሰፈር ነው

ሌላኛው ግማሽ የሚጀምረው ከማኅተሙ ነው። አንድ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ገበሬ በእጁ ያለው ወረቀት የተሰጠው እዚያው በሚያውቁት ሰዎች ነው። አባቱን ያውቃሉ፣ ማሳውን ያውቃሉ፣ ክላሹን መቼ እንደገዛም ያውቃሉ። ሰንዳፋ ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ ግን ማኅተሙን እንኳ አይቶት አያውቅም። እውነተኛ ይሁን ፎርጅድ በምን ያጣራ? ኢኮኖሚክስ ስንማር የመረጃ አለመመጣጠን የምንለው ማለት ይሄ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም ዕቃ እንደ ብልሽት ይቆጥራል። ኬላው ላይም ያው ነው፤ ማጣራት ያልቻለ ፖሊስ ሁሉንም መሣሪያ እንደ ሕገወጥ ቢያይ አይፈረድበትም።

ሌላም መደባለቅ አለ። ብዙ ሰው «ተመዝግቧል» እና «ፈቃድ አለው»ን አንድ ያደርጋቸዋል። ቀበሌ መዝገብ ላይ ስም መስፈሩ መሣሪያው እንዳለ መታወቁን ነው የሚያሳየው። መሣሪያውን ትከሻ ላይ አንግቶ ሌላ ዞን መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለሚሊሻ የተሰጠ መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ለሥራው የተሰጠ እንጂ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚያዝ የግል ዕቃ አይደለም።

በዚህ ላይ ጊዜያዊ ክልከላዎች ይደረባሉ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ ካራቆሬም የመከራው ተካፋይ ስትሆን፣ በአካባቢው ኮማንድ ፖስት ተቋቁሞ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ተከልክሎ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች ያላቸውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ጠየቀ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞም ወደ 10 ወር ገደማ ቆየ። ፈቃድ የሚወጣው በወራት ምልልስ ነው፤ ክልከላ ግን በአንድ ሌሊት ይመጣል። ማክሰኞ ሕጋዊ ሆኖ የወጣ ሰው ሐሙስ ሲመለስ ሌላ ሕግ ሊጠብቀው ይችላል። ለዚህ ነው ሦስተኛው ሰው ትከሻውን የነቀነቀው።

ፖቶማክ ማዶ ያሉትም አልቀለላቸውም

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «እዚህ እኮ መሣሪያ መብት ነው» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። ግን እነሱም ጋ ወሰን ማቋረጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ እንዲያውም ከእኛ ይብሳል። እዚያ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የመያዝ ሕግ አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ውሰዱ። ቨርጂኒያ የሚኖር፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ፈቃዱ ዋጋ የለውም። ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም፤ ሜሪላንድም አይቀበልም። የኡበር ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ ሦስቱንም ሊያዳርስ ይችላል።

ለማለፍ ብቻ የተሰጠ አንድ መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ መሣሪያው በተነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ ሕጋዊ ከሆነ፣ ጥይቱ ከወጣና መሣሪያው እጅ በማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ በመሐል ያለውን ስቴት አቋርጦ መሄድን ይፈቅዳል። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ የመሣሪያ ጥፋት ከቅጣቱ በላይ ከሀገር ሊያስባርር ይችላል።

ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ብዙ ነው፤ ግን ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሰው ከመነሳቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ ማየት ይችላል። እኛ ጋ ሕጉ አንድ ነው፤ ግን መንገድ ላይ ምን እንደሚጠብቅህ የሚነግርህ የለም።

ግልጽ ያልሆነ ሕግ የሚያስከፍለው ማንን ነው?

ግልጽ ያልሆነ ሕግ እንደ ቀረጥ ነው። ቀረጡን የሚከፍለው ግን ሕግ አክባሪው ነው። መሣሪያ የሚነግደው ሰው አደጋውን ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ቢያዝ የሚደርስበትን ኪሳራ ካላስያዙበት ጉዞዎች ያካክሰዋል። በነዳጅ ቦቴ ውስጥ፣ በእህል ጆንያ ሥር ተደብቆ የተያዘ መሣሪያ ዜና ስንት ጊዜ ሰማን? በሬ ሸጦ አንድ ክላሽ የገዛው ገበሬ ግን የሚያካክስበት የለውም። አንድ ቀን ከተወረሰበት የዓመታት ጥሪቱ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይዞ ይወጣል? እዚህ ላይ ከከተማ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። አጣዬና ካራቆሬ ያለፉበትን ያየ ሰው «ጎረቤት መንደር ታጥቆ እኔ ባዶ እጄን?» ቢል አይገርምም። ጎረቤት መንደር ያለውም ስለ እሱ ይሄንኑ ነው የሚለው። ሁለቱም ለመከላከል ይገዛሉ፤ ሁለቱም የሌላውን ግዢ እንደ ዛቻ ያነቡታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ከበፊቱ የበለጠ ገንዘብ አውጥተው ከበፊቱ ያነሰ ሰላም ያገኛሉ። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እህልና ከብት ይገበያያሉ፤ ሰኞ ባቲ ላይም እንዲሁ። ለዘመናት አብሮ የተገበያየ ሕዝብ ወደ ገበያ ሲሄድ የሚፈራው መንገዱን ከሆነ፣ ኪሳራው የሁሉም ነው።

ለዚህም ነው ከወሰኑ በአንድ በኩል ብቻ የሚደረግ ምዝገባ ወይም ማስፈታት ተቀባይነት የማያገኘው። «እኔን አስፈትታችሁ ያኛውስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። በሰሜን ሸዋ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በአፋር አጎራባች ወረዳዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚካሄድ ምዝገባ ቢኖር ግን ቢያንስ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

እስከዚያው ድረስ

መንገድ የሚወጣ ሰው ዛሬ ማድረግ የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያውና ትልቁ፦ ከወረዳ ውጪ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ የሚሄድ ሰው መሣሪያውን ቤቱ ይተው። አባቶች ቅር ሊላቸው ይችላል፤ «ባዶ እጅህን ለቅሶ ልትደርስ?» ይሉ ይሆናል። ለሟች ክብር የሚሆነው ግን የቀባሪው መምጣት ነው፤ ተኩሱ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ይዞ መውጣት የግድ የሆነበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ፈቃዱን የሰጠውን ፖሊስ ሄዶ ይጠይቅ። የሚሄድበትን ቦታ፣ የሚያልፍበትን መንገድና ቀኑን ተናግሮ፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። «ችግር የለም፣ ሂድ» የሚል የቃል መልስ ኬላ ላይ አይነበብም። መልስ ካጣ አለመውጣት ነው። የራሱን መታወቂያና ዋናውን ፈቃድ ይያዝ፤ በፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥርና መሣሪያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑንም ያረጋግጥ። የወንድም ወይም የአባት ፈቃድ ለእሱ አይሠራም።

ኬላ ላይ ሲደርስ ቀድሞ በአፉ ይናገር እንጂ እጁን ወደ መሣሪያው አይላክ። ጥይት በካዝናው ውስጥ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ለራሱም፣ አጠገቡ ሕፃን ታቅፋ ለተቀመጠችውም እናት አደጋ ነው።

ለተሳፋሪውና ለረዳቱ ደግሞ አንድ ነገር፦ ውስጡን ያላያችሁትን ጆንያ «አደራ፣ መናኸሪያ ሰው ይቀበልሃል» ተብላችሁ አትቀበሉ። ባህላችን አደራን አክባሪ ነው፤ ግን ጆንያው ሲፈታ ጥይት ከወጣ መጀመሪያ የሚያዘው የያዘው ሰው ነው፤ ላኪው ስልኩን ዘግቷል። ስልካችሁ ላይም የሰው ክላሽ ይዛችሁ ለቲክቶክ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ፣ ፍተሻ ላይ «የእኔ አይደለም» ብሎ ማስረዳት ረጅም ቀን ነው።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። ፋይዳ ቁጥር ባለበት ሀገር ሰንዳፋ ላይ ያለ ፖሊስ የካራቆሬን ፈቃድ በስልኩ የማያጣራበት ምክንያት የለም። በየትኛው መንገድ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደተከለከለ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ በአጭር ጽሑፍ መልእክት መላክም ይቻላል። የዳታ ጥቅል ማስታወቂያ በቀን ስንቴ እየደረሰን፣ ሰውን ከእስር የሚያድን አንድ መስመር መልእክት የማይደርሰን ለምንድነው?