የታሰረ ሰው ኮሌጅ መማር ይችላል፤ መንግሥትም ይከፍልለታል

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ልጅ ወይም ወንድም የታሰረባችሁ ቤተሰቦች፣ ይህን አንብቡልኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲታሰር «ሌላ ስቴት ሄደ» ይባልና ነገሩ እቤት ውስጥ ተዳፍኖ ይቀራል። የምንጠይቀው ሰው ስለሌለ የሚገባውን መብት ሳናውቅለት ዓመታት ያልፋሉ።

ፔል ግራንት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው፣ የማይመለስ የትምህርት ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የወንጀል ሕግ እስረኞችን ከዚህ ድጋፍ አስወጣቸው። ያኔ እስረኞች ይወስዱት የነበረው ከጠቅላላው የፔል ገንዘብ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ለዚህች ጥቂት ገንዘብ ተብሎ በየእስር ቤቱ ከነበረው የኮሌጅ ትምህርት አብዛኛው ተዘጋ። እኔ ይህን ትልቅ በደል ነው የምለው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2013 እንዳሳየው፣ እስር ቤት ሳሉ የተማሩ ሰዎች ተመልሰው የመታሰር ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያንሳል። በ2015 በኦባማ ጊዜ ፔልን ለእስረኞች የመመለስ ሙከራ ተጀመረ፤ ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ክልከላውን አነሣ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሩ ተከፍቷል። የእስራቱ ዘመን ርዝመት አያግድም። የዕፅ ጥፋተኝነትም ዛሬ ከፔል አይከለክልም።

ግን እስረኛው ያሻውን ኮሌጅ መርጦ አይገባም። ኮሌጁ የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ፣ ፕሮግራሙም በማረሚያ ቤቱ አስተዳደርና በትምህርት ሚኒስቴሩ የጸደቀ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጃችሁ መጀመሪያ የእስር ቤቱን የትምህርት ክፍል «እዚህ የሚያስተምር የትኛው ኮሌጅ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሌለበት እስር ቤት ብዙ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ካለ ግን ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ በወረቀት መሙላት ይቻላል። ገንዘቡ በቀጥታ ለኮሌጁ ነው የሚከፈለው፤ ተርፎ ለእስረኛው ወይም ለቤተሰቡ የሚሰጥ የለም።

የመኖሪያ ወረቀት ነገርም አለ። ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም የጸደቀ ጥገኝነት ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው እስረኛ ደግሞ ፍርዱ ራሱ ከአገር ሊያስወጣው ስለሚችል፣ ቤተሰብ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከሩን ለነገ አይበል።

ከወጣ በኋላ ነገሩ ይቀላል። በፓሮል ወይም በፕሮቤሽን ላይ ያለ፣ ሃፍ ዌይ ሃውስ የገባም ሰው ቢሆን እንደ እስረኛ አይቆጠርም፤ እንደ ማንኛውም ተማሪ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ መርጦ ያመለክታል። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነበር። ሰው በዕድሜው የሚያገኘው ግን የ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ እስር ቤት የተማረበትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ገና ውስጥ ሳለ፣ የሚማራቸው ኮርሶች ውጭ ሊገባበት ባሰበው ኮሌጅ ተቀባይነት እንዳላቸው ያጣራ። ሳይወጣ ትራንስክሪፕቱን ይጠይቅ፤ ቅጂውንም እናንተ ዘንድ አስቀምጡለት።