ከደቡብ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ መራቅ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድን ሊያሳጣ ይችላል

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢያቸው ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተጓዙት በርካታ ዜጎች መካከል ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ወላጅ ለማስታመም ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱ አሉ። ቆይታው ሲራዘም ግን በዚያ አገር ያገኙት የነዋሪነት መብት ለአደጋ ይጋለጣል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 28፣ ከአገሪቱ ከሦስት ዓመት በላይ የራቀ ሰው የቋሚ መኖሪያ ፈቃዱ ሊሰረዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ቆጠራው የሚቋረጠው ባለፈቃዱ ወደ አገሪቱ ተመልሶ ገብቶ ሲቆይ ብቻ ነው። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ከማለፉ በፊት አመልክቶ እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል።

በስደተኝነት የተመዘገቡት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ለቋሚ ነዋሪነት ለማመልከት ያለማቋረጥ በአገሪቱ መኖር የሚጠበቅባቸው ዘመን ቀድሞ አምስት ዓመት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ አሥር ዓመት ሆኗል። ሸሽተውት ወደ ወጡት አገር በፈቃዳቸው ተመልሰው መኖራቸውም ዕውቅናውን ሊያሳጣቸው ይችላል።

በመሆኑም የቀበሌና የወረዳ ሠራተኞች ምክር ሲጠየቁ በቅድሚያ ሊያጣሩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም የፈቃዱ ዓይነትና ባለጉዳዩ ከደቡብ አፍሪካ የወጣበት ቀን ናቸው።