ጭቃ፣ ክርና ቀለም፦ የጉለሌ ልጆች ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉት



ባለፈው የጸሎት ደብዳቤያችን፣ በክረምቱ ወራት ለከተማ ልጆች የእጅ ሥራና የሥዕል መርሐ ግብር እንደምናካሂድ መግለጻችን ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ከመካከላችሁ አንድ ወንድም፣ «የጤፍ ዋጋ ሰው በማይችለው ደረጃ ላይ ባለበት ጊዜ ስለ ምን ለቀለምና ለወረቀት ገንዘብ ታወጣላችሁ?» ብለው ጽፈውልናል። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነው። እኔም ወደዚህ ሥራ ስመደብ ይኸው ጥያቄ ነበረብኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ስብከት አዘገጃጀትና ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ስለ ሸክላ ግን አንድም ቀን አልተማርኩም። ስለዚህ ልጆቹ ምን እንደ ሠሩ፣ እንዴት እንደ ሠሩት፣ እኛም የት እንደ ተሳሳትን በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ምግቡ ልናገር። ልጆቹ ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ቀትር ላይ እንጀራ በሽሮ ወይም ቅንጬ ይበላሉ። ከመርሐ ግብሩ ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው ይኸው ነው። ለቀለምና ለወረቀት የሚውለው ከዚያ የተረፈው ጥቂት ገንዘብ ነው።

ክረምት በአዲስ አበባ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ አስቸጋሪ ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እናት ግን ወደ ልብስ አጠባው፣ ወደ ጉሊቱ፣ ወደ እንጨት ለቀማው መሄዷን አትተውም። ልጁ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል፤ ካልሆነም መንገድ ላይ ይውላል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የቀጨኔ ወንዝ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ውኃው ባልታሰበ ሰዓት ሞልቶ ይመጣል። ልጆቹን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ግቢ መሰብሰብ ብቻውን ትልቅ ነገር መሆኑን እናቶቹ ራሳቸው ነግረውናል።

ግቢያችን የሚገኘው በጉለሌ፣ ከቀጨኔና ከሽሮ ሜዳ መካከል ነው። ይህን ቦታ የምታውቁ ሰዎች ወዴት እንደማመራ ሳይገባችሁ አይቀርም። ቀጨኔ ከጥንት ጀምሮ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ነው። ወደ ግቢያችን ከሚመጡት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ከሆኑት ልጆች ብዙዎቹ የእነዚህ ባለ እጆች ልጆች ናቸው። እኛ ግን በመጀመሪያው ዓመት ይህን ከቁም ነገር ሳንቆጥር፣ የሌላ አገር ቤትና ዛፍ የታተመባቸውን ባለ መስመር ወረቀቶች አድለን «ቀለም ቀቡ» አልናቸው። ልጆቹ ታዛዦች ስለሆኑ ቀቡ። በስድስተኛው ሳምንት ሥራዎቹን ግድግዳ ላይ ስንሰቅል የማን የትኛው እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። አንድ ልጅ ጣሪያውን ጥቁር ስለ ቀባ ረዳት አስተማሪያችን መክራው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እርሱ ግን የሚኖርበትን ቤት ጣሪያ በጢስ እንደ ጠቆረ ማሳየቱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቀለሙን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ አደረግን። እርድ በትንሽ ሙቅ ውኃ ተበጥብጦ በጨርቅ ሲጠለል ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ቡና ቡናማ፣ የተፈጨ ከሰል ጥቁር ይሰጣል። ቀይ ሥር መልኩ ያማረ ቢሆንም ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። ልጆቹን ከሁሉ አብልጦ ያስደነቃቸው ግን የአመዱ ነገር ነው። በእርድ የተቀባ ወረቀት ከደረቀ በኋላ፣ አመድ ተዘፍዝፎበት ባደረ ውኃ እንጨት ነክረው ሲጽፉበት መስመሩ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። «አስማት ነው!» ብለው ጮኹ። አስማት አለመሆኑን፣ እርድ አመድን በመሰለ ነገር ሲነካ መልኩን እንዲለውጥ ሆኖ መፈጠሩን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

ሽመናውን በካርቶን ጀመርን። የካርቶኑ ሁለት ጫፍ በመቀስ እንደ ጥርስ ይቆረጣል፤ ድሩ በጥርሶቹ ላይ ይወጠራል፤ ማጉ ደግሞ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለ ይገባል። ትርፍራፊ ክር ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በነፃ አገኘን። የሸማኔ ልጆች ከእኛ ከአስተማሪዎቹ ይበልጥ ያውቁ ስለነበር፣ አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ረዳታችንን «እትዬ፣ ማጉን እንዲህ ካጠበቁት ጠርዙ ይጨማደዳል» ብሎ አርሟታል። ነገር ግን እዚህም ላይ አንድ ነገር ተምረናል። ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ ተወስደው፣ ከሌሊት ጀምሮ ሽመና ላይ የሚቀመጡ ልጆች በከተማችን እንዳሉ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካርቶኑን ተቀብሎ ጥቂት ካየው በኋላ ወደ ጎን አስቀመጠውና «እኔ ኳስ ብጫወት አይሻልም?» አለኝ። ኳሱን ሰጠሁት። ስድስቱን ሳምንት ሙሉ አንድ ክር ሳይነካ ኳስ ተጫወተ፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው መርሐ ግብር ያ ነበር።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ።

ሸክላ መሥራት ቀላል መስሎን የግቢውን ጭቃ ቆፍረን ልጆቹ ድስትና ላም እንዲሠሩ አደረግን። በዝናብ መካከል ፀሐይ ብልጭ ስትል እያወጣን፣ ዝናብ ሲመጣ እያስገባን ሦስት ቀን አደረቅንና እሳት ውስጥ ጨመርናቸው። እንደ ርችት ፈነዱ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁ። የሸክላው ውጪ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ፣ እሳት ሲያገኘው ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል። ክረምት ደግሞ ለማድረቅ ከሁሉ የከፋ ጊዜ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሥራቸው የሚቀንሰው በእነዚህ ወራት ነው።

በማግስቱ ለልጆቹ «የተሻለ አፈር ከቀጨኔ እናመጣለን» አልኋቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኛ ቡዳ ነን እንዴ ጭቃ የምንነካው?» አለ። ልጁ የአማኞች ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ በልጆች መዘምራን ፊት ይቆማል። ሌሎቹ ሳቁ። አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን በእጇ የያዘችውን ጭቃ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ታጠበችና በበሩ ወጣች። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ማናችንም አናውቅም ነበር። እናቷ «ዕቃ ትነግዳለች» ነበር የምትለን።

እኔም በዚያን ሰዓት ሰው ከምድር አፈር ስለመፈጠሩ፣ ኤርምያስም ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ስለመውረዱ ረጅም ስብከት ሰበክሁ። ስብከቱ መልካም ነበር፤ ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን ሄዷል። ልጅቱ አራት ቀን ቀረች።

ይህ ስድብ አዲስ አይደለም። ባለ እጅን በሥራው የሚያዋርድ ስድብ በአገራችን ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውት ነበር። አዋጁ ከታወጀ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። በአብያተ ክርስቲያናችንም ውስጥ ቢሆን ልጁን ለሸክላ ሠሪ ልጅ ለመዳር የሚያመነታ፣ በሸክላ ሠሪ ቤት ምግብ ሲቀርብለት ምክንያት የሚፈልግ አማኝ የለም ማለት አንችልም። ባስልኤልን እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞልቶ የእጅ ጥበብ እንደሰጠው በኦሪት ዘጸአት እናነባለን፤ ጎረቤታችን ስላለችው ባለ እጅ ግን ሌላ እናስባለን።

በአምስተኛው ቀን ወደ ልጅቱ ቤት ሄድሁ። እናቷ ደጃፉ ላይ ምጣድ በጠጠር ስታሽ አገኘኋት። ሰላምታዬን ከተቀበለች በኋላ ቀና ሳትል፣ «ወንድሜ፣ ልጄን የወሰዳችኋት ለማሰደብ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ቡና አፍልታ ሰጠችኝ። ስጠጣ ትመለከተኝ ነበር፤ መጠጣቴን ትጠብቅ እንደነበር የገባኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ሁለተኛውን ስኒ ስጨርስ ስለ ፈነዱት ድስቶች ነገርኋትና አስተምሪን ብዬ ለመንኋት። በመጀመሪያ ሳቀች። በኋላ እሺ አለች፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ ልጇን በሰው ፊት አቁመን እንዳናመሰግናት፣ የቀን ዋጋዋንም እንድንከፍላት። ሁለቱንም ፈጸምን።

ከሰኞ ጀምሮ እንደሚከተለው አስተማረችን። አፈሩ በደረቁ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ የተሰበረ ሸክላ ገል ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል፤ ገሉ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለሆነ አፈሩ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ጭቃው እንደ ሊጥ ረጅም ጊዜ ይታሻል፤ አየር ውስጡ መቅረት የለበትም። የአንዱን ልጅ ድስት በእጇ መዝና «ይህ ነፍሰ ጡር ነው፤ እሳት ላይ ይወልዳል» ስትል ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ሁሉም በእጅ እየተገነባ፣ ሠሪዋ ራሷ በዕቃው ዙሪያ እየዞረች ነው የሚሠራው። ሲጠነክር በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። ማድረቂያው ደግሞ ፀሐይ ሳይሆን ማድ ቤታችን ሆነ፤ ከምድጃው ራቅ ብሎ ዐሥር ቀን ተቀመጠ፣ ከዚያ ቀረብ ተደረገ። የሚተኮሰው ዝናብ በማይጥልበት ማለዳ፣ በኩበትና በደረቅ እንጨት ነው። ከእሳት የወጣውን በጣቷ ጫፍ መታ መታ አድርጋ ታዳምጣለች፦ ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ድኗል፤ የታፈነ ድምፅ የሰጠው በዐይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት።

አብዛኞቹ ዳኑ። ከተሰነጠቁት አንዱ የዚያ የተሳደበው ልጅ ስኒ ነበር። ልጁ ወደ እርሷ ሄዶ «ይጠገናል?» ብሎ ጠየቃት። በእሳት ያለፈ ሸክላ ወደ ጭቃ እንደማይመለስ ነገረችውና፣ «ገሉን ግን ፍጨው፤ ለሚቀጥለው ይሆናል» አለችው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ዋለ። ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ አላውቅም፤ እኔም አላስገደድሁትም። ልጅቱ ግን ወንፊቱን ስትይዝለት አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድናቸው። አብዛኞቹ ሉሲን ለማየት ተሽቀዳደሙ። ልጅቱና ሁለት ጓደኞቿ ግን በአክሱም ዘመን የሸክላ ዕቃዎች ፊት ቆመው ቀሩ። መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ «ይህኛው ጆሮው የተለጠፈው ጭቃው ሳይደርቅ ነው» ስትል ሰማኋት። ጠባቂው ከመስታወቱ ራቁ አላቸው።

ሁሉ ነገር መልካም ሆነ ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። ከምእመናኖቻችን አንዲት እናት፣ ሸክላ ሠሪዋ ማስተማር በጀመረች በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆቿን አስቀረች። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆነን ቤቷ ድረስ ሄደን አነጋገርናት፤ በአክብሮት ተቀበለችን፣ ልጆቹን ግን አልመለሰችም። ስለ እርስዋ ጸልዩ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለእንቁጣጣሽ ሥዕል አዋልናቸው። ወንዶች ልጆች አበባ ሥለው በአዲስ ዓመት ማለዳ ለጎረቤት የሚያድሉበትን ልማድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አሁን አሁን ግን የታተመ ገዝቶ ማደል እየበዛ ነው። የእኛዎቹ በእርድና በቡና ሣሉ፤ ሴቶቹም እንሥላለን ስላሉ ሣሉ። ከአንደኛው ሥዕል ላይ በአደይ አበባው ፋንታ ጀበና ተሥሎ ነበር፤ ማን እንደሣለው መናገር አያስፈልገኝም።

ለሚቀጥለው ክረምት የሚያስፈልገን ጥቂት ነው። ከሁሉ በፊት ሸክላው የሚደርቅበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አነስተኛ መጠለያ እንፈልጋለን፤ በማድ ቤት ማድረቁ ምግብ አብሳዮቻችንን አስቸግሯል። ደረቅ እንጨትና ኩበት ከግንቦት በፊት ካልተገዛ ክረምት ላይ ዋጋው ይጨምራል። የልጆች መቀስ ሃያ ያህል ቢገኝ መልካም ነው። ለሸክላ ሠሪዋ የስድስት ሳምንት ክፍያ ደግሞ ካለፈው ዓመት ስጦታችሁ ላይ ለይተን አስቀምጠናል፤ እርሷም ሐምሌ ሲገባ እንደምትመጣ ቃል ሰጥታናለች።