ኃይል አስተላላፊው ዘንግ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሰበታ በጅማ አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጅማና ከወሊሶ በኩል ጭነት ያዘሉ ከባድ መኪናዎች፣ መንገደኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች፣ ወደየፋብሪካው የሚገቡና ከየፋብሪካው የሚወጡ ተሽከርካሪዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሱባታል። መኪና በበዛበት ስፍራ ጋራዥ መብዛቱ፣ ጋራዥ በበዛበትም ስፍራ ስለ ሞተር ጉልበት መከራከር የማይቀር ነው። ባለመኪናው «ዳገት ላይ ይደክምብኛል፤ ጉልበት ጨምርልኝ» ይላል፤ መካኒኩም ሞተሩን ከፍቶ የሚጨምረውን ይጨምራል። ይሁን እንጂ የተጨመረው ጉልበት ከሞተሩ ተነሥቶ ጎማው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በምን ላይ እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ መተላለፊያ፣ ይኸውም ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ ስለሚሽከረከረው ዘንግ ነው።

በመጀመሪያ የባለመኪናው አቤቱታ ከንቱ አለመሆኑን መግለጽ ይገባል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ በፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበ ተራ ሞተር ሰበታ ሲደርስ 75 ወይም 80 ቢሆን አያስደንቅም። ለዚህ መድኃኒቱ ቱርቦ ነው። ቱርቦ በጭስ ግፊት የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ሲሆን፣ የሳሳውን አየር አምቆ ለሞተሩ ይመግባል። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የላንድ ክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ በመሆኑ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ቱርቦ በኋላ ሲገጠምለት ኖሯል። ሞተሩ ሲያገግም ባለቤቱ ይደሰታል፤ ከሥሩ ያለው ዘንግ ግን የቀድሞው ነው።

ሞተሩ ከፊት፣ ገፊዎቹ ጎማዎች ከኋላ በሆኑበት መኪና ኃይል የሚጓዝበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከሞተሩ የወጣው ኃይል በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ካምቢዮው በማርሾቹ አማካይነት ፍጥነቱን ቀንሶ ጠምዛዥነቱን ያበዛዋል፤ ከካምቢዮው ጀርባ የሚነሣው ረጅም ዘንግ ይህን ተቀብሎ ወደ ዲፈረንሻሉ ያደርሳል፤ ዲፈረንሻሉም ለግራና ለቀኝ ጎማ ያከፋፍላል። በዘንጉ ጫፎች ላይ የሚገኙት መስቀል መሰል መተጣጠፊያዎች ክሮቸራ ይባላሉ። አንባቢ እንደሚያስተውለው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሮቸራ፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ የክሮቸራም ሥር መስቀል የሚለው ቃል ነው። በመካኒኮች አፍ ከኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና እኛም እንዳሉ እንጠቀምባቸዋለን። ሞተራቸውም ገፊ ጎማቸውም ከፊት የሆነ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ይህ ረጅም ዘንግ ስለሌላቸው ከጉዳያችን ውጭ ናቸው።

ጠምዛዥ ኃይል የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። 1 ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግራም ክብደት ቢንጠለጠል፣ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል 100 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው የላንድ ክሩዘር ሞተር እጅግ በሚበረታበት ጊዜ 285 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል፤ ስሌቱ ቀላል ይሆን ዘንድ የከፍታውን ጉዳይ ለጊዜው እንተወው። ይህ ቁጥር የሞተሩ እንጂ የዘንጉ አይደለም። የአንደኛው ማርሽ ብዜት 4 ነው ብንል፣ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው 1,140 ኒውተን ሜትር ነው። በቱርቦው ምክንያት ሞተሩ በ30 በመቶ ቢበረታ ደግሞ ዘንጉ 1,480 ያህል ይሸከማል። ሞተሩ ላይ የተጨመረው 85 ብቻ ሲሆን ዘንጉ ላይ የተጨመረው 340 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚገድበው ጎማው ነው። ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ለመያዝ ከሚችለው በላይ ሲጠመዘዝ ይንሸራተታል፤ በመንሸራተቱም ዘንጉን ያድነዋል። ነገር ግን ጎማ የሚቆነጥጠው በላዩ ባለው ክብደት መጠን ነው። ባዶ መኪና በእርጥብ መሬት ላይ ጎማው በከንቱ ሲሽከረከር እናያለን፤ ከልኩ በላይ የተጫነው መኪና ግን ዳገት ላይ ቆሞ በአንደኛ ማርሽ ሲነሣ ጎማው አይንሸራተትምና ሙሉው ኃይል በዘንጉ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በድንገት ቢለቅ፣ በመሽከርከር ላይ ያለው የሞተሩ ክብደት ዘንጉን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ስለዚህ ዘንግ ሲሰበር ጥፋቱን ሁሉ በሞተሩ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም፤ የጭነቱና የሹፌሩ እግር ድርሻ አነስተኛ አይደለም።

ዘንጉ ይጠንክር ሲባል የብዙ ሰው የመጀመሪያ አሳብ ድፍን ብረት ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዘንግ ሲጠመዘዝ ከፍተኛውን ጫና የሚሸከመው የውጭው አካሉ ነው፤ እምብርቱ ላይ ያለው ብረት ከብርታት ይልቅ ክብደት ይጨምራል። ውስጡ ባዶ የሆነው ሸምበቆ ነፋስን እንዴት እንደሚቋቋም የተመለከተ ሰው ነገሩ አይከብደውም። በመሆኑም ዘንግ የሚሠራው ከቱቦ ነው። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ሳይለወጥ ስፋቱ ከ60 ሚሊ ሜትር ወደ 75 ቢያድግ፣ ክብደቱ በሩብ ሲጨምር መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ቱቦው ግን ለውኃ መሥመር ተብሎ የተሸጠ ቧንቧ መሆን የለበትም። የውኃ ቧንቧ ፍጹም ክብና ቀጥ ያለ እንዲሆን ተብሎ አልተሠራም፤ ውኃው ይህን አይጠይቀውምና።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መጠምዘዝ ነው። ከዚህ ይልቅ ሳይታወቅ የሚያጠፋው የመሽከርከር ፍጥነት ነው። ማንኛውም ረጅም ዘንግ የሚሽከረከርበት ፍጥነት እያደገ ሲሄድ አንድ ወሰን ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ወሰን ላይ ልክ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ መካከሉ ይለጠጥና ከመሥመሩ ይወጣል። ወሰኑን የሚወስኑት የቱቦው ስፋትና የዘንጉ ርዝመት ናቸው፤ በተለይ ርዝመቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር ጥቂት መርዘም ብዙ ይጎዳል። 70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ በስሌት ሲታይ ወሰኑ በደቂቃ 5,200 ዙር ያህል ነው። ይኸው ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተቀጥሎበት 1.8 ሜትር ቢሆን ወሰኑ ወደ 3,600 ይወርዳል። ባለሙያዎች ከወሰኑ ሦስት አራተኛ በላይ እንዳይደረስ ስለሚመክሩ፣ የተቀጠለው ዘንግ ከ2,700 ማለፍ አይገባውም። እንግዲህ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማና 4.1 ብዜት ያለው ዲፈረንሻል የተገጠመለት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ዘንጉ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። በሰበታ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ እንከን ያልታየበት ዘንግ፣ መንገዱ ሲቀናለትና ፍጥነቱ ሲጨምር መንቀጥቀጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የጭነት መኪና አካል ተለውጦ ሰው እንዲያጓጉዝ ሲደረግ፣ ወይም ብዙ ጭነት እንዲይዝ ሻንሲው ሲረዘም ይህ ስሌት መታወስ አለበት። መፍትሔው ረጅሙን ዘንግ ለሁለት ከፍሎ መካከሉን ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ኩሽኔታ ላይ ማሳረፍ ነው። ፋብሪካዎችም በረጃጅም መኪናዎች ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለፈጣን አውቶሞቢሎች የሚሠሩ የውጭ አገር ባለሙያዎች በአንጻሩ ሁለት የሆነውን ዘንግ አውጥተው ከአልሙኒየም ወይም ከካርቦን ጭረት በተሠራ አንድ ወጥ ዘንግ ይተካሉ። አልሙኒየም ቀላል ቢሆንም ልልነቱ ቅለቱን ስለሚያጣፋ፣ ወሰኑን ከፍ የሚያደርገው ቱቦው ሰፋ ተደርጎ ሲሠራ ነው፤ የካርቦን ጭረት ግን ቀላልም ግትርም በመሆኑ ወሰኑን በራሱ ያርቀዋል። ዋጋው ውድ ነው፤ በድንጋያማ መንገድ ላይ በፈናጣሪ ጠጠር ለሚደበደብ መኪናም የሚመረጥ አይደለም።

አሁን ወደ ክሮቸራው እንመለስ። ዲፈረንሻሉ ከባሌስትራው ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል ዘንጉ እየታጠፈ መዞር አለበት። መስቀለኛውን መተጣጠፊያ ከጣልያናዊው የሒሳብ ሊቅ ከጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ጋር ማያያዝ የተለመደ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ አሠራሩን ገልጾታል። ይህ መተጣጠፊያ አንድ ጠባይ አለው፤ ታጥፎ ሲዞር ከወዲያ በኩል የሚወጣው ዙር እኩል አይደለም። በ20 ዲግሪ ከታጠፈ የሚወጣው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በ6 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም በዚያው መጠን ይዘገያል። ዘንጉ ሁለት ክሮቸራ የተደረገለት አንዱ ያበላሸውን ሌላው እንዲያቃናው ነው። ለዚህም የሁለቱም እጥፋት እኩል መሆን፣ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ሹካዎችም በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ አለባቸው። ዘንግ በቶርኖ ቤት ተቆርጦ ሲበየድ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህን መሥመር መሳት ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ክሮቸራ የፊተኛውን ጥፋት በማረም ፈንታ በላዩ ላይ ይጨምርበታል። መድኃኒቱ ግን በጣም ርካሽ ነው፤ ቱቦው ከመቆረጡ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር በኖራ ወይም በመጫሪያ ማስመር ብቻ ይበቃል።

ከብየዳ በኋላ ሚዛን መጠበቅም አስፈላጊ ነው። በ75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ በአንድ ወገን የቀረ 30 ግራም የብየዳ ትርፍ፣ ዘንጉ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 11 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ኃይል ኩሽኔታዎቹን በሰኮንድ 50 ጊዜ ይጎትታቸዋል። በክረምት በዋልካ መንገድ የዋለ መኪና በማግሥቱ ቢንቀጠቀጥም ሹፌሩ ዘንጉን ከማስፈታቱ በፊት ማጠብ አለበት፤ በአንድ ጎኑ የደረቀ ጭቃ ያንኑ ሥራ ይሠራልና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? ዘንጉ ቢሰበር መኪናው ቆሞ ይቀራል እንጂ ምን ይመጣል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ከሰበታ ወጥተን በስተ ሰሜን ወዳለችው ወደ ሱሉልታ እንሻገር። ከዚያ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ቁልቁለት ነው። የተጫነ መኪና ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ጭምር ነው፤ ሞተሩ ጎማውን የሚይዘው ደግሞ በዘንጉ በኩል ነው። ዘንጉ ከተበጠሰ ሞተሩ ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት ያከትማል። ይህም ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ቀላል የጭነት መኪናዎችና በቀድሞዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን የዘንጉን መነሻ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ቢስብ የሚይዘው የተበጠሰውን ዘንግ ጉቶ ነው። እየተሽከረከረ የወደቀው ቱቦም በአካባቢው ያለውን የፍሬን ዘይት ቧንቧ መትቶ ሊቆርጠው ይችላል። የተሰበረው የፊተኛው ክሮቸራ ከሆነ ደግሞ የዘንጉ ጫፍ ወደ አስፋልቱ ይወርድና እንደ ምርኩዝ ሊተከል፣ መኪናውንም ከኋላ ሊያነሣው ይችላል።

ክሮቸራ ከመሰበሩ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ማርሽ ከኋላ ወደ ፊት ሲለወጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ግራሶ ያለቀበት መስቀልም በጫፎቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ያወጣል። ሹፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ፣ ጎማዎቹ በታኮ ከተያዙ በኋላ፣ ዘንጉን በእጁ ግራና ቀኝ ቢያወዛውዘው ልልነቱን ያገኘዋል።

በአሜሪካ በአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር የሚሳተፉ ፈጣን መኪናዎች በዘንጉ ዙሪያ የብረት ቀለበት እንዲገጠምላቸው ደንቡ ያዛል። ቀለበቱ ዘንጉን አይነካውም፤ ቢሰበር ብቻ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ይህ ዕቃ ከውጭ አገር መምጣት የሚያስፈልገው አይደለም። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጠፍጣፋ ብረት አጥፎ በሻንሲው ላይ በብሎን ማሰር ማንኛውም የሰበታ በያጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ቦታው ከፊተኛው ክሮቸራ በስተ ኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ባሌስትራው ሲሰግርና ሲረግብ ዘንጉ እንዳይነካው በዙሪያው በቂ ክፍተት ሊተውለት ይገባል።