የተጠገነ መሠረት

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወዳጃችን ባለፈው ዓመት መስከረም በአቃቂ በኩል ቤት ሊገዙ አስበው አብረናቸው እንድንሄድ ለመኑን። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሁሉን ያውቃል የሚለው ግምታቸው ደስ ቢያሰኘንም፤ ስለ መሠረት የምናውቀው ከመሬት በታች መሆኑን ብቻ ስለ ነበረ አንድ አረጋዊ ግንበኛ ይዘን ሄድን።

ቤቱ ያማረ ነው። ባለቤቲቱም መሠረቱ ከስድስት ዓመት በፊት ሰምጦ መጠገኑን ገና ቡናው ሳይቀርብ ነገሩን። ደላላው ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ወዳጃችንም ለመመለስ ቃጥቷቸው ነበር፤ በእጃቸው ያለው የሠላሳ ዓመት ደመወዝ ትራፊ ነውና አይፈረድባቸውም።

ግንበኛው ግን ወንበር እንኳ ሳይዙ ግድግዳውን ይዞሩ ጀመር። «መምህር፤ መጠገኑስ ተጠግኗል፤ ለምን ሰመጠ ብለው ይጠይቁ እንጂ» አሉ።

የዚያ አገር ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ የተሠራበትንም ቤት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ አንዱ ምልክቱ ነው። ጥገናውም ከመሠረቱ ሥር ጥቂት ጥቂት እየቆፈሩ፤ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ወርዶ አዲስ ግንብ ማስገባት ነው። ሁሉን ባንድ ጊዜ የቆፈረ ቤቱን በራሱ ላይ ያወርዳል። በሚገባ ሲሠራ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የጣሊያኑ የፒሳ ግንብ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2001 ለጎብኚ ተዘግቶ፤ ከሰሜን ጎኑ ሥር አፈር በጥቂት በጥቂቱ እየተወሰደ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ተቃንቶ ይኸው ቆሟል።

ወደ ጓሮ ስንዞር ነገሩ ተገለጠ። አሸንዳው የጣራውን ውሃ አሁንም በግድግዳው ሥር ያፈስሳል! በሽተኛው ታክሞ በሽታው ደጅ ቆሟል ማለት ነው።

ግንበኛው በአሮጌዎቹ ስንጥቆች ላይ በአራት ቦታ ጄሶ ለጥፈው ቀኑን ጻፉበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። ነገር ግን አፈሩ ደርቆ እስኪታይ እስከ ግንቦት መቆየት ያስፈልጋል። ደላላው «ነገ ሌላ ገዥ አለ» እያለ ቢያጣድፍም ወዳጃችን ቀብድ አልከፈሉም፤ ባለቤቲቱም ታግሠው አሸንዳውን ወደ መንገዱ ቦይ አዞሩት።

በግንቦት ስንመለስ ሦስቱ ጄሶ ደኅና ናቸው፤ በወጥ ቤቱ ጥግ ያለው ግን የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል። የዚያ ጥግ ማስጠገኛ ከዋጋው ተቀነሰ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲደረግ ያዛልና፤ መጻፉ ካልቀረ ብለን መሠረቱ መቼና እንዴት እንደ ተጠገነ በውሉ ውስጥ አስገባነው።

ደላላው እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠንም።