«የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?»

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ጅግጅጋ እህቴ ቤት ለኢፍጣር ተጠርተናል። ቴምሩም፣ ሳምቡሳውም፣ ሾርባውም፣ የግመል ወተቱም ቀርቦ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሻይ መቀዳት ሲጀምር የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ ከጓዳ ወጣች። የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ናት፤ ያኔ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ወረቀቱ የመጣው የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የትብብር ስምምነት ካደረገበት አንድ የቱርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ተቀብለንሻል፣ የትምህርት ክፍያም አንጠይቅሽም ይላል።

አባቷ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፃ ነው!» አለ። እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሚኒያፖሊስ ላለው አጎቷ ስልክ ተደወለ። ልጅቱ ሄዳ፣ ተምራ፣ ተመርቃ የተመለሰች ያህል ቤቱ ሞቀ። ዝም ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የአባቷ አጎት፣ ሁላችንም አዴር የምንላቸው። አዴር ዕድሜያቸውን በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል ጨርቅና ሩዝ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከቁርኣን ቤት ሌላ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሻያቸውን ፉት አሉና ጠየቁ።

«የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?»

መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ወረቀቱ እንደገና፣ አሁን ቀስ ተብሎ ተነበበ። ስለ ኪራይ የሚል የለም። ስለ ምግብ፣ ስለ አውሮፕላን ትኬት፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድም የሚል የለም። የተባለው የትምህርት ክፍያ ቀርቷል ብቻ ነው። አዴር እንዳሉት፣ ዕቃው በነፃ ተሰጥቶናል፤ ማጓጓዣውና መጋዘኑ ግን የራሳችን ነው።

ይህ ስህተት የእህቴ ቤት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን «ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘሁ» ሲሉን የምንሰማው አንድ ቃል ነው፤ ከቃሉ ጀርባ ያለው ግን ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ሙሉ ነፃ ትምህርት ነው። የቱርክ መንግሥት «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» በሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው የዚህ ዓይነት ነው፤ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ወርሃዊ አበል፣ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬት አለበት፤ የመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ጊዜ ቋንቋ መማሪያ ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ ሁሉን ከኪሱ ከፍሎ የሚልክበት ነው። ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ያገኘችው፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ሄዶ መመለስ ነው። በዚህኛው ተማሪው የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነ ይቆያል፤ ዲግሪውም የሚሰጠው እዚሁ ነው። አንዳንዱ ስምምነት አበል ያስከትላል፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ በኩል የሚሄዱ ተማሪዎች የወር አበልና የጉዞ ገንዘብ ያገኛሉ። አንዳንዱ ግን ከትምህርት ክፍያው በቀር ምንም አያስከትልም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ወረቀቱ ላይ ባለው ሳይሆን በሌለው ነው።

የአዴር ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያውም የከበደ ነበር። «እዚያ የተማረችው እዚህ ሲመጣ ማን ይቆጥርላታል?» አሉ። ድንበር ላይ የሚሠራ ነጋዴ ይህን አይረሳም፤ ዕቃው ውጫሌ መድረሱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ጉምሩክ አልፎ ጅግጅጋ ካልገባ ገንዘብ አይሆንም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው ትምህርቶች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ በአንጻራቸውም እዚህ የሚተኩት ትምህርት ይጻፋል። ተማሪው፣ የላኪው ትምህርት ክፍልና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርማሉ። ቱርክ እንደ አውሮፓ አገሮች የአንድ ዓመት ትምህርትን በ60 ክሬዲት ነው የምታሰላው፤ አንድ ሴሚስተር 30 ይሆናል። የእኛ ክሬዲት አቆጣጠር ከዚያ ጋር ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ስለማይገጥም የትኛው በየትኛው እንደሚተካ አስቀድሞ በወረቀት ካልሰፈረ፣ ከተመለሱ በኋላ መከራከር ይመጣል። ፊርማው ከሌለ ልጁ ጥሩ ውጤት ይዞ መጥቶም ያንኑ ሴሚስተር እንደ አዲስ ሊቀመጥበት ይችላል።

በአካውንቲንግ ተማሪ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው የእኛን አገር ሥርዓተ ትምህርት ነው። የቱርክ መምህር የኢትዮጵያን የግብር አዋጅ አያስተምርም፤ የእኛን የመንግሥት ሒሳብ አያያዝም እንዲሁ። ስለዚህ እንደ ማርኬቲንግ፣ ዓለም አቀፍ ንግድና የሥራ አመራር ያሉትን እዚያ መውሰድ ይቻላል፤ የግብሩን ትምህርት ግን አገር ቤት ማስቀረት ይበጃል። የእህቴ ልጅ ይህን ከመምህሯ ጋር ተቀምጣ አንድ በአንድ ለየችው። ወረቀቱ ተፈርሞ እስኪያልቅ ሁለት ወር ፈጅቷል፤ እናቷ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ «ይቅርባት» እንዳለች እኔ ነኝ የማውቀው።

ገንዘቡስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። በብር ለሚያስብ ቤተሰብ ያው ኪራይ፣ ያው ዳቦ ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጓደኛዋ ተበድረሽ ሂጂ፣ ተመርቀሽ ትከፍያለሽ ብላት ነበር። ብድሩ ወለድ ያለበት መሆኑ ሲሰማ አባቷ ወሬውን እዚያው ዘጋው፤ ከሪባ ጋር ወደ ዕውቀት አንሄድም አለ። የተደረገው ጅግጅጋ ሁልጊዜ የሚደረገው ነው። እህቴ በአዩቶዋ፣ አማርኛ ተናጋሪው ዕቁብ በሚለው፣ ተራዋን ከጎረቤት ጋር ተቀያይራ ቀድማ ወሰደች። የሚኒያፖሊሱ አጎት የትኬቱን ላከ። አዴር የኪራዩን ቻሉ፤ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብለው። የቀረውን እህቴ አንድ የወርቅ አምባሯን ሸጣ ሞላችው። ይህን ለልጅቱ አልነገረቻትም።

ስለ ሪባ ከተነሳ፣ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ፋይናንስ ራሱ የወለድ ትምህርት አይደለም ወይ የሚል። ፍርዱን ለዑለማዎች ትቼ የማየውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች በር ተከፈተ፤ ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀመረ። እዚሁ ጅግጅጋም ከማይክሮ ፋይናንስ ተነስቶ ባንክ የሆነው ሸበሌ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ አለ። እነዚህ ባንኮች ሙራባሐና ሙዳረባን ከሒሳብ መዝገብ ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ቱርክ ውስጥ «የተሳትፎ ባንክ» የሚባሉት ከወለድ ነፃ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ እየሠሩ ነው፤ ማሌዥያም የመጀመሪያውን ኢስላማዊ ባንኳን የከፈተችው በ1983 ነው። ልጅቱ ከመረጠቻቸው ትምህርቶች አንዱ ይኸው ሆነ። አባቷ በእሱ ተጽናንቷል።

በዚያ የኢፍጣር ምሽት ከእኛ ጋር የተቀመጠ አንድ ጎረቤት ነበር። ልጁን ካርቱም ልኮ ያስተማረ ነው፤ ሱዳን በቋንቋም በዲንም ትቀርበናለች ብሎ። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረመዳን በገባ በ24ኛው ቀን ነው። ልጁ እንደ ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወጣ፤ አንድ ስልክና የለበሰው ልብስ ብቻ ነበር የያዘው። ነፍሱ ስለተረፈች አባትየው አላህን ያመሰግናል። የሁለት ዓመት ውጤቱ ግን ካርቱም ቀረ፤ በስልኩ ያነሳው ፎቶ ለማንም ማስረጃ አልሆነም፤ ልጁ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀመረ። ጎረቤታችን ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሮ፣ በየወሩ የሚሰጥሽን ወረቀት ሁሉ ለዩኒቨርሲቲሽም ለአባትሽም ላኪ አላት። አገር ሰላም ነው ብለሽ አትተይው አለ።

ልጅቷ ብቻዋን መሄዷ ደግሞ ሌላ የሦስት ምሽት ክርክር ነበር። አያቷ ያለ መሕረም አይሆንም ብለው ቆረጡ፤ አባቷ ወደ ሸይኻቸው ሄዶ ጠየቀ፤ የተባለውንም ለእናቱ ቁጭ ብሎ አስረዳ። እኔ በዚህ አልገባም፤ የየቤቱ መልስ የየቤቱ ነው። አያቷን በመጨረሻ ያለዘባቸው ግን ሸይኹ ብቻ አይመስለኝም። እዚያው ከተማ የምትማር የአውበሬ ልጅ ተገኘች፤ የሴቶች ማደሪያው ለብቻው እንደሆነም በቪዲዮ አሳየቻቸው። አያትየው ስልኩን ይዘው በሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መስኮቱን አንድ በአንድ አዩ። የመስኮቱ ቁልፍ ይሠራ እንደሆነም ጠየቁ።

በመስከረም ሄደች። አንድ ሴሚስተር የተባለው በሁለቱም ወገን ስምምነት ወደ ሁለት ሴሚስተር ተራዝሟል፤ ለዚህም አዲስ ዝርዝር ተጽፎ አዲስ ፊርማ ተደርጓል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቷ መጥቷል፤ አንዱ ትምህርት አስቸግሯት እንደምንም አልፋዋለች። የሁለተኛው ሴሚስተር ኪራይ ገና ሙሉ በሙሉ አልተሟላም፤ እህቴ ቀጣዩን አዩቶ እየቆጠረች ነው።

ዘንድሮ ረመዳንን የያዘችው እዚያ ነው። የእነሱና የእኛ ሰዓት አንድ ቢሆንም ፀሐይ እኛ ጋ ቀደም ብላ ትጠልቃለች፤ እኛ ቴምር ስናነሳ እሷ ገና ትጠብቃለች። ስለዚህ እህቴ አፍጥራ፣ ሰግዳ፣ ሳህኖቹን አነሳስታ ትቀመጥና ስልኩን ፊት ለፊቷ ታደርጋለች። ባለፈው ጁምዓ እኔም ነበርኩ። ልጅቱ ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት የምስር ሾርባ ይዛ ታየች፤ ሳምቡሳ አምሯት እንደነበረና ከአውበሬዋ ልጅ ጋር ሊጠብሱ ሞክረው ሊጡ እንደተበላሸባቸው ነገረችን። እናቷ ስለ ሊጡ ልታስረዳት ስትጀምር አዴር ስልኩን ተቀበሉ።

«ወረቀቱን ልከሻል?» አሉ።

«ልኬአለሁ አዴር፣ ለሁለቱም።»

«እሺ። አሁን ስለ ሳምቡሳው ንገሪን።»